የኋላ ጎማ ሲግልና ሲጮህ፦ ኩሽኔታ ከመግዛታችሁ በፊት

ባለፈው ክረምት ከደብረ ብርሃን ስመለስ ሰንዳፋ ላይ ሻይ ልጠጣ ቆምኩ። ከመኪናዋ ስወርድ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ከፊቴ ሲሄድ የነበረው የጭነት መኪና ነው ብዬ ልተወው ነበር። ግን የጭነት መኪናው ሄዶም ሽታው አልሄደም። በመኪናዋ ዙሪያ ዞርኩና እጄን ሳላስነካ ወደ ጎማዎቹ አስጠጋሁ። የቀኙ የኋላ ጎማ ለብ ብሏል። የግራው ግን ሊጥ እንደሚጠብቅ ምጣድ ከሩቅ ይገርፋል።

ከዚያ በፊት ሁለት ሳምንት ያህል ከኋላ በኩል «እምምም» የሚል ድምፅ ስሰማ ነበር። አስፋልቱ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

በማግስቱ ጋራዥ ወሰድኳት። «ድምፅም ግለትም ካለ ኩሽኔታ ነው» ተባልኩ፤ ጎማው በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው ባለ ኳስ ቀለበት ማለት ነው። ጎማው በክሪክ አልተነሳም፣ በእጁ ያሽከረከረውም የለም። የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄጄ ኩሽኔታ ገዛሁ፣ ተገጠመ፣ ከፈልኩ። በሦስተኛው ቀን ያው ግለት፣ ያው ድምፅ። በመጨረሻ ሌላ ጋራዥ፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ መካኒክ ጋ ስሄድ የተገኘው ሁለት የተለያየ ችግር ነው። ግለቱን ያመጣው ሳይመለስ የቀረው የእጅ ፍሬን ካቦ ነው። ድምፁ ደግሞ ከጎማው ከራሱ ነው የሚወጣው፤ ላስቲኩ ወጣ ገባ እያለ ተበልቷል። ተፈትቶ የተጣለው አሮጌ ኩሽኔታ ምንም አልነበረውም።

ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው ያንን ገንዘብና ጊዜ እንዳያወጣ ነው። ግለትና ድምፅ አብረው ስለመጡ ምንጫቸው አንድ ነው ማለት አይደለም። ግለቱን ለብቻ፣ ድምፁን ለብቻ ፈልጉ። ደግሞ መኪናዋ ሁለት የኋላ ጎማ ነው ያላት። አንዱ ሲታመም ሌላኛው ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። በየደረጃው ከጤነኛው ጋር እያወዳደራችሁ ከሄዳችሁ ብዙ አትሳሳቱም።

በአብዛኛው የማወራው በየሰፈሩ ስለምናያቸው ትንንሽ መኪኖች ነው፤ ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላ። የብዙዎቹ የሞተር ጉልበት የሚሄደው ወደ ፊት ጎማ ነው፣ ከኋላ ደግሞ የታምቡር ፍሬን አላቸው፤ ታምቡር ከጎማው ጋር የሚዞር ክብ የብረት ቆብ ነው፣ ፍሬን ሲያዝ ሸራ የሚባሉት ሁለት ቁራጮች ከውስጥ ይጫኑታል። ከኋላ ዲስክ ስላላቸውና እንደ ሃይሉክስ በኋላ ጎማ ስለሚገፉት መጨረሻ አካባቢ ጥቂት እጨምራለሁ።

አሁን መንገድ ላይ ከሆናችሁ

ጎማው እየጨሰ ከሆነ ምርመራውን ለጊዜው ተዉት። ዳር ይዛችሁ ሜዳ ቦታ ላይ ቁሙ። ማርሽ ውስጥ አስገብታችሁ አጥፏት፤ አውቶማቲክ ከሆነች ፒ ላይ። ከፊት ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አድርጉ። የእጅ ፍሬን አትሳቡ፤ የጋለ ታምቡር ሸራው ተጭኖት ሲቀዘቅዝ ሊጣበቅ ወይም ሊጣመም ይችላል። ውሃም በጭራሽ አታፍሱበት። የጋለ ብረት በአንዴ ሲቀዘቅዝ ሊሰነጠቅ ይችላል። አርባ ደቂቃ ያህል በትዕግሥት ጠብቁ። እሳት ከያዘ ግን መጠበቅ የለም፤ ሰው አውርዱ፣ ማጥፊያችሁን ተጠቀሙ።

ከቀዘቀዘ በኋላ ሞተሩን አስነስታችሁ የፍሬን ፔዳሉን ርገጡ። ከወትሮው በላይ ከሰመጠ ወይም እንደ ስፖንጅ ከላላ መኪናዋን አትንዱ፣ አስጎትቷት። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን መፍያው ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 ደግሞ ከ230 ወደ 155። ዘይቱ ከፈላ ትነት ይፈጥራል፣ ትነት ደግሞ ይጨመቃል፣ እናም እናንተ በሙሉ ጉልበታችሁ ስትረግጡ የሚጨመቀው ትነቱ ይሆንና ግፊቱ ሸራው ጋ ሳይደርስ ይቀራል። አንድ የጋለ የኋላ ጎማ ፍሬን ሊያሳጣችሁ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት የጎማ ቡሎኖቹን በመፍቻ ሞክሩ። በቅርብ ጊዜ ጎሚስታ ጋ ሄዳችሁ ከነበረ የግድ ነው። ያልጠበቀ ቡሎን ቀስ ስትሉ «ቋ፣ ቋ» የሚል ድምፅ ያወጣል፤ ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ ውድ ዕቃ ሲገዛ አይቻለሁ። የእጅ ፍሬኑንም ተመልከቱ። አንድ ጥርስ ያህል ተስቦ ቀርቶ ከሆነ የዚህን ጽሑፍ ግማሽ ማንበብ አያስፈልጋችሁም።

ግለቱን መለካት

ፍሬን ሥራው እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት መቀየር ነው። ስለዚህ ጎማ መጋሉ ብቻውን በሽታ አይደለም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የወረደ ሰው፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነውና፣ ማርሽ ቀንሶ ካልወረደ አራቱም ጎማው ቢግል አይገርምም። የሚያሳስበው አንዱ ብቻ ሲግል፣ ወይም ፍሬን ሳትይዙ ሲግል ነው።

ለመለካት እሁድ ጠዋት ይመረጣል፤ መንገዱ ባዶ ነው፣ ፍሬን መያዝ አይበዛም። ሜዳ በሆነ መንገድ 15 ደቂቃ ያህል ንዱ። ፍሬን በጣም ቆጥቡ። መጨረሻ ላይ ነዳጅ ልቀቁና መኪናዋ በራሷ ፍጥነት እየቀነሰች እንድትቆም አድርጉ። ይህ ወሳኝ ነው። በፍሬን ካቆማችሁ የምትለኩት ያን ጊዜ የፈጠራችሁትን ግለት ነው።

ከርቀት የሚለካ የሌዘር ቴርሞሜትር ካላችሁ ጥሩ ነው፤ በኮሮና ጊዜ ግንባር ላይ ይደቀን የነበረው ግን አይሆንም፣ እሱ የተሠራው ለሰው ትኩሳት ነው። ሦስት ቦታ ለኩ፦ በቸርኬው ቀዳዳ በኩል ታምቡሩን፣ መሃል ላይ ኩሽኔታው ያለበትን ክዳን፣ ከዚያ የጎማውን ላስቲክ። ከዚያ በሌላኛው ጎን ያንኑ ድገሙ። ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ጻፉት።

መለኪያ ከሌላችሁ መጀመሪያ የእጃችሁን ጀርባ ሳታስነኩ አስጠጉ። ከዚያ ጣታችሁን ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አንዲት ጠብታ ጣሉበት። ዝም ብላ ከፈሰሰች ደህና ነው። «ቺስ» ብላ ከዘለለች ብረቱ ከውሃ መፍያ በላይ ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ፍሬን ሳይያዝ ለመጣ የኋላ ጎማ ይህ በጣም ብዙ ነው።

እኔ የምጠቀምበት ልክ እንዲህ ነው። ግራና ቀኝ በ10 ወይም በ15 ዲግሪ ቢለያዩ አልጨነቅም፤ አንዱ ጎን ፀሐይ መትቶት ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ 30 ካለፈ ጎማው ይነሳል።

ቦታውም ይናገራል። ታምቡሩ ከሁሉም በላይ ከጋለ ፍሬኑ ሳይለቅ ቀርቷል። መሃሉ ከታምቡሩ በላይ ከጋለ ኩሽኔታውን ጠርጥሩ። ላስቲኩ ግሎ ብረቱ ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ንፋሱ አንሷል። የንፋሱ ልክ የሹፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፏል፤ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ነው የሚለካው።

ድምፁን ማዳመጥ

ሬዲዮ አጥፉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ አንድ ሰው ከኋላ ወንበር ይቀመጥ። ከፊት ሆኖ የኋላን ድምፅ መለየት ከባድ ነው፤ ግራ ያላችሁት ቀኝ ይሆናል።

በ60 ስትሄዱ ዜሮ አድርጉ። ድምፁ ከጠፋ ነገሩ ከሞተር ወይም ከካምቢዮ በኩል ነው፣ ጎማ ጋ አትድከሙ። ድምፁ ከቀጠለና ከፍጥነቱ ጋር አብሮ ከወረደ ከሚሽከረከር ነገር ነው።

«እምምም» ወይም «ውውው» የሚል ከሆነ ሁለት ተጠርጣሪ አለ፣ ኩሽኔታና ጎማ። እነዚህን መለየት የቻለ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል። ባዶ በሆነ ሰፊ መንገድ ላይ፣ ከኋላችሁ ማንም አለመኖሩን አይታችሁ፣ በ50 አካባቢ መሪውን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ግራ ከዚያ ወደ ቀኝ አወዛውዙ። ወደ ግራ ስትዞሩ የመኪናዋ ክብደት ወደ ቀኝ ጎማዎች ይሄዳል። ያኔ ድምፁ ከጎላ የቀኙን ኩሽኔታ ጠርጥሩ፤ ወደ ቀኝ ስትዞሩ ከጎላ የግራውን። ጎማ ከሆነ ግን በመዞር ብዙም አይለወጥም። የሚለወጠው አስፋልቱ ሲለወጥ ነው። አዲስ ለስላሳ አስፋልት ላይ ይቀንሳል፣ ሸካራ ላይ ይጨምራል። ኩሽኔታ ስለ አስፋልቱ ግድ የለውም።

ጎማውን በመዳፍ መዳሰስም ብዙ ይነግራል። መኪናዋ ቆማ፣ ጎማው ቀዝቅዞ፣ መዳፋችሁን በላስቲኩ ላይ ወደ ፊት ከዚያ ወደ ኋላ አንሸራትቱ። በአንዱ አቅጣጫ ለስልሶ በሌላው እንደ መጋዝ ጥርስ ከያዛችሁ ድምፁ ከዚያ ሊሆን ይችላል። ማረጋገጫው የኋላውን ጎማ ከፊተኛው ጋር ማቀያየር ነው። ድምፁ ጎማውን ተከትሎ ወደ ፊት ከሄደ ጉዳዩ ተዘጋ።

ሌሎቹ ድምፆች ቀላል ናቸው። በእያንዳንዱ ዙር አንዴ «ክሽ… ክሽ… ክሽ» የሚል ከሆነ ታምቡሩ ክብነቱን አጥቷል፣ ወይም ከጀርባው ያለው የአቧራ መከለያ ቆርቆሮ ታጥፎ እየነካ ነው። ፍሬን ስትይዙ «ግርርር» የሚል የብረት ድምፅ ካለ ሸራው አልቆ ብረት ከብረት እየተፋጨ ነው፤ ይህ ቀጠሮ አይሰጠውም። ቀጭን ፉጨት ሆኖ ፍሬን ስትነኩ የሚጠፋ ከሆነ ሸራው ታምቡሩን በስሱ እየዳሰሰ ነው፣ ብዙ ጊዜም ከግለት ጋር አብሮ ይመጣል።

ጎማውን አየር ላይ ማንሳት

ቦታው ሜዳና ጠንካራ ይሁን። የኋላውን ጎማ ለመሞከር የእጅ ፍሬኑ መለቀቅ አለበት፣ ስለዚህ መኪናዋን የሚይዛት የፊት ጎማ ብቻ ነው። አንደኛ ማርሽ ወይም ፒ ላይ አድርጓት፣ የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ አስይዙ። የጎማ ቡሎኖቹን መሬት ላይ እያለች ትንሽ አላሉ። ክሪኩን ከበሩ ሥር ባለው ለክሪክ በተሠራው ቦታ ላይ አድርጉ፣ ከተነሳች በኋላ በብረት መደገፊያ አስደግፉ። በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ሥር እጅም እግርም አይገባም። ይህን ችላ ማለት ሰው ገድሏል።

አሁን ጎማውን በእጃችሁ አሽከርክሩት። ጤነኛ የኋላ ጎማ ከገፋችሁት በኋላ በራሱ የተወሰነ ይዞራል፤ ሸራው በስሱ «ሽ» ቢል ችግር የለውም። ገፍታችሁት እጃችሁን እንዳነሳችሁ ቀጥ ካለ ተይዟል። አንዳንዴ ግን ጠዋት ቀዝቅዞ ጥሩ ይዞርና የሚይዘው ሲሞቅ ብቻ ነው። እንደዚያ ከሆነ ነድታችሁ እንደመጣችሁ ወዲያው ጓንት አድርጋችሁ አንሱት።

ቀጥሎ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ እየገፋችሁና እየሳባችሁ ነቅንቁ። «ቅጭ» የሚል ክፍተት ከተሰማችሁ ኩሽኔታው ልል ሆኗል። ግን ክፍተት ስለሌለ ደህና ነው አትበሉ። ብዙ ኩሽኔታ ሳይላላ ነው ድምፅ የሚጀምረው።

እዚህ ላይ እኚያ መካኒክ ያሳዩኝን ልንገራችሁ። «ጋሼ፣ ኩሽኔታው ጤነኛ መሆኑን በምን አወቁ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። እጄን ይዘው ጣቶቼን ከጎማው ጀርባ ባለው ሞላ ላይ አስቀመጡ። በሌላ እጃቸው ጎማውን አሽከረከሩት። «ምን ይሰማሃል ልጄ?» አሉኝ። «ምንም።» ከዚያ አጠገባችን ወደተነሳች ሌላ ኮሮላ ወስደው ያንኑ አስደረጉኝ። ሞላው ጣቴ ሥር እንደ ወፍጮ እየፈጨ ይንቀጠቀጣል፤ በጆሮ ግን ገና ብዙም አይሰማም ነበር። «ሞላ አይዋሽም» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ኩሽኔታ ነው የሚለኝ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ጣቴን የማስቀምጠው እዚያ ነው። ጣታችሁን ግን ከሚዞረው ጎማ በተቃራኒ በኩል አድርጉ።

ማን ነው የያዘው?

ጎማው አልዞርም ካለ የሚይዘው ከሦስት አንዱ ነው፦ የእጅ ፍሬኑ ካቦ፣ የታፈነ የዘይት ግፊት፣ ወይም ታምቡሩ ውስጥ ያለ ዕቃ። እየለቀቃችሁ መሞከር ነው።

ከካቦው ጀምሩ። ከእጅ ፍሬኑ ዘንግ ሥር ያለውን ፕላስቲክ ስታነሱ የካቦው ማስተካከያ አለ፤ ብዙ ቶዮታዎች ላይ በ10 ቁጥር ቁልፍ ይፈታል። ስንት ዙር እንደፈታችሁ ቁጠሩና አላሉት። ጎማው ከተለቀቀ ካቦው ከልክ በላይ ጠብቆ ነበር። ካልተለቀቀ ካቦው ነፃ ሆነ ማለት አይደለም፤ ሽፋኑ ውስጥ ዝጎ ከተጣበቀ ከፊት ብታላሉትም ከኋላ አይመለስም። ይህ ታምቡሩ ሲከፈት ይታያል።

ቀጥሎ የዘይት ግፊቱ። ከታምቡሩ ጀርባ አየር ማስወጫ ትንሽ ቡሎን አለች። ቀጭን ቱቦ ሰክታችሁ፣ ጫፉን ጠርሙስ ውስጥ ከታችሁ፣ ሩብ ዙር ብቻ ፍቱ። ዘይት ፈንጥቆ ጎማው ወዲያው ከተለቀቀ ግፊት ታፍኖ ነበር። አንድ ጎማ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የላስቲክ ቱቦው ነው። ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ያብጣል፤ በእግራችሁ ስትረግጡ ዘይቱን ያሳልፋል፣ ሲመለስ ይዘጋበታል። ሁለቱም የኋላ ወይም አራቱም ጎማ ከተያዙ ከፍሬን ፔዳሉ ጋር ወደተያያዘው ዋናው ፖምፓ ሂዱ። ይህን ከሞከራችሁ በኋላ ቡሎኗን አጥብቁ፣ ዘይቱን ሙሉ፣ አየር ገብቶ ከሆነ አስወጡ። የፍሬን ዘይት ቀለም ስለሚልጥ የፈሰሰውን ወዲያው በውሃ እጠቡ።

እግረ መንገዳችሁን የዘይት ማጠራቀሚያውን ክዳን ክፈቱና ከሥሩ ያለውን ላስቲክ እዩ። አብጦና ተወላግዶ ከሆነ አንድ ሰው በስህተት የሞተር ወይም የመሪ ዘይት ጨምሯል። እነዚያ ዘይቶች የፍሬን ላስቲክ ያሳብጣሉ፣ ፖምፓው ሄዶ አይመለስም። እንዲህ ከሆነ አንድ ጎማ መጠገን ዋጋ የለውም፤ ላስቲክ ያለበት ሁሉ ይለወጣል፣ መስመሩ ይታጠባል።

ሁለቱም ካልለቀቁት ታምቡሩ ይከፈታል።

ታምቡሩን መክፈት

ብዙ ሰው እዚህ ጋ መዶሻ ያነሳል። አያስፈልግም። ብዙ ቶዮታዎች ታምቡር ፊት ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። 8 ሚሊ ውፍረት ያላቸውን ሁለት ቡሎኖች፣ በ12 ቁልፍ የሚፈቱትን፣ እዚያ አስገቡና እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። ታምቡሩ ራሱ እየተገፋ ይወጣል። ዳሩ ተበልቶ ከንፈር አውጥቶ ከያዘ ከጀርባ ያለውን የላስቲክ ድፍን አንሱና ሸራዎቹን ወደ ታምቡሩ የምታስጠጋውንና የምታርቀውን ባለ ጥርስ ማስተካከያ በካቻቢቴ ወደ ኋላ አዙሩ፣ ሸራው ይሰበሰባል።

አቧራውን በአፍም በኮምፕረሰርም አትንፉ። አሮጌ ሸራዎች ውስጥ ሳንባ የሚጎዳው አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። የሳሙና ውሃ ረጭታችሁ በጨርቅ ጥረጉት፣ አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

ምንም ከመንካታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። ሞላዎቹ ብዙ ናቸው፣ ቦታቸው ይረሳል። ሁለቱንም ጎን በአንዴ አትበትኑ፤ አንዱ ሳይነካ ይቆይ፣ ስትገጥሙ እሱን እያያችሁ ነው።

አሁን ተረጋግታችሁ እዩ። ሸራው ስንት ቀርቷል? በብዙዎቹ ትንንሽ ቶዮታዎች መጨረሻው 1 ሚሊ ነው፤ እኔ 2 ላይ እለውጣለሁ። ከብረቱ ተላቅቆ ከሆነ ግለቱም ድምፁም ከዚያ ነው። ታምቡሩ ውስጡ ሰማያዊ ነጠብጣብ ካለው በጣም ግሎ ያውቃል። የሚፈቀደው ትልቁ የውስጥ ስፋት ታምቡሩ ላይ ተቀርጿል፤ ከዚያ ካላለፈ ቶርኖ ቤት ሊስተካከል ይችላል፣ ካለፈ ግን ይጣላል።

ላይ ያለችውን፣ ሸራዎቹን በዘይት ግፊት የምትገፋውን ትንሿን ፖምፓ እዩ። የላስቲክ ኮፍያዋን ጫፍ በጥፍራችሁ ገለጥ አድርጉ። ውስጡ ደረቅ መሆን አለበት፤ ዘይት ካለ ታፈሳለች። ሁለቱን ጫፎች በአውራ ጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ ግፉ፣ ሳይንቀራፈፉ መግባት አለባቸው። አንደኛው ድርቅ ካለ ያዡን አግኝታችኋል። ሲገፋ ሌላኛው ጫፍ እንዳይወጣ ግን ያዙት።

መመለሻ ሞላዎቹን ከጤነኛው ጎን ጋር አስተያዩ። የተለጠጠ ሞላ መጠምጠሚያው መሃል ክፍተት ያሳያል። ማስተካከያዋ በእጅ መዞር አለባት። የግራና የቀኝ ጥርሳቸው ይለያያል፤ ከዚህ በፊት የፈታው ሰው አቀያይሮ ገጥሟቸው ከሆነ በትክክል አይሠሩም፣ አንዱ ጎን ከልክ በላይ ጠብቆ ወይም ላልቶ ይቀራል። ሸራው የሚንሸራተትበት የጀርባው ቆርቆሮ ላይ ጉድጓድ ከተበላ ሸራው እዚያ ይሰካል፤ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱና ሙቀት የሚችል ግራሶ በጣም ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ሸራው ፊት ላይ ግን ምንም ቅባት እንዳይነካ።

የእኔ ችግር የተገኘው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከሸራው ጋር የተያያዘች የእጅ ፍሬን ምላስ አለች። መካኒኩ በአውራ ጣት ገፍተው ለቀቋት። በራሷ ጠቅ ብላ መመለስ ነበረባት፣ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች። ካቦውን ሲፈቱላት ወዲያው ተመለሰች። ስለዚህ የያዛት ካቦው ነው። ከመኪናዋ ሥር ተከታትለን ስናየው ጥቁሩ ሽፋን የጥፍር ያህል ተቀድዷል፤ በዚያች ቀዳዳ የክረምቱ ጭቃና ውሃ ገብቶ ውስጡ ያለው ሽቦ ዝጎ አብጧል። እጅ ፍሬን ስስብ ይሄዳል፣ ስለቅ አይመለስም። ጎርፍ በሞላው መንገድ ላይ መንዳት የሚያመጣው አንዱ ጣጣ ይሄ ነው።

የዛገ ካቦ ውስጥ ዘይት ጨምሮ ማንቀሳቀስ የተለመደ ነው። ለጥቂት ቀን ይሠራል፣ ከዚያ ይመለሳል፣ የሚመለሰውም ቁልቁለት ላይ ሊሆን ይችላል። ካቦው ይለወጥ።

በእርግጥ ኩሽኔታ ከሆነ

ሞላው ከነገራችሁ፣ ስትዞሩ ድምፁ ከጎላ፣ መሃሉ ከጋለ፣ አሁን ግዙ። በቪትዝና በብዙ ኮሮላዎች የኋላው ኩሽኔታ ከነማቀፊያው አንድ ላይ ይመጣል፣ ከጀርባ በአራት ቡሎን ይታሰራል። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ካላት ሽቦው እንዳይቆረጥ ተጠንቀቁ። አዲሱን በመዶሻ እየመቱ ማስገባት ገና ሳይሠራ ይገድለዋል።

ስትገዙ አሮጌውን ናሙና ይዛችሁ ሂዱ። ያገለገለ በርና መብራት መግዛት ይቻላል፤ ያገለገለ ኩሽኔታ ግን አይገዛም፣ ከውጭ ስንት ዕድሜ እንደቀረው አይታይም። አዲሱን እዚያው ሱቁ ላይ በእጃችሁ አዙሩት። ትንሽ ከበድ ብሎ ልስልስ ያለ መሆን አለበት። ከተንኳኳ ወይም ከሻከረ መልሱት።

ከኋላ ዲስክ ላላቸው መኪኖች ተጠርጣሪው ይቀየራል፤ ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚያጠብቀው ዕቃ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ዘንጎች ይደርቃሉ፣ ያኔ አንዱ ሸራ ከሌላው በጣም ቀድሞ ያልቃል። በዲስኩና በመከለያው ቆርቆሮ መሃል የገባች ጠጠርም ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ታወጣለች፤ መጀመሪያ እሷን ፈልጉ። በኋላ ጎማ ለሚገፉት፣ ለሃይሉክስና ለአሮጌዎቹ ላዳዎች፣ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ካስያዛችሁ በኋላ ማርሹን ዜሮ አድርጋችሁ ነው የምታሽከረክሩት። እነሱ ላይ የዲፈረንሻል ዘይት ወደ ታምቡሩ ማፍሰሱንም እዩ፤ የዘይት ማገጃው ላስቲክ ሲያልቅ ሸራውን ያጠግበዋል፣ ዘይት የጠጣ ሸራ ደግሞ ታጥቦ አይድንም።

ከገጠማችሁ በኋላ

ሸራዎች በሁለቱም ጎን አብረው ይለወጣሉ። መጀመሪያ ማስተካከያዋን አስተካክሉ፣ ታምቡሩ በስሱ እየዳሰሰ መዞር አለበት፤ የእጅ ፍሬኑ ካቦ ከዚያ በኋላ ነው የሚጠብቀው። ብዙ ጋራዥ ይህን ገልብጦ በካቦው ብቻ ያጠብቃል፣ ከሳምንት በኋላ ጎማው እንደገና ይግላል። የእጅ ፍሬኑ በብዙ ትንንሽ ቶዮታዎች ከ5 እስከ 9 ጠቅ ውስጥ መያዝ አለበት።

የጎማ ቡሎኖቹን ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቃችሁ አጥብቁ፤ ለእነዚህ ቶዮታዎች ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ርገጡ። ከዚያ ያንኑ የ15 ደቂቃ መንገድ ንዱ፣ በዚያው ዓይነት ቁሙ፣ ያንኑ ሦስት ቦታ ለኩ፣ ስልካችሁ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አስተያዩ።

የእኔዋ ካቦው ከተለወጠ በኋላ የግራው 43፣ የቀኙ 41 አሳየ። «እምምም»ው ግን እንዳለ ነው። የግራውን የኋላ ጎማ ወደ ፊት አዛውሬ ስነዳት ድምፁ ከእግሬ ሥር መጣ። ያን ጎማ በስኮርታው ቀየርኩና ያንኑ መንገድ እንደገና ነዳሁ፤ የሚሰማው የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነበር። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ቡሎኖቹን በመፍቻ ደገምኳቸው፣ አንዱ ሩብ ዙር ያህል ወሰደ።